ወደ ሐይቁ ማን ይነዳል

ሰኔ 29፣ እሑድ

ዛሬ ሳን ሆዜ፣ ልጄ ሩቲ ቤት ምሳ ተጠርተን ሄድን። ሩቲ ያለ ነገር እንደማትጠራ አውቃለሁ። እውነትም በልተን ሳንጨርስ ባሏ ተስፋጽዮን ላፕቶፑን ከሳህኖቹ መካከል አስቀመጠና የሐይቅ ፎቶ አሳየን። ክሊር ሌክ ይባላል፤ ከናፓ ወዲያ፣ ተራራውን ተሻግሮ ነው። ውሃው ዳር ስቴት ፓርክ አለ። አርቪ ተከራይተን በክረምቱ መጨረሻ ሦስት ሌሊት እናድራለን አለ። አርቪ ማለት ኩሽናና አልጋ ያለው መኪና ነው። ይህን ለማወቅ የእሱ ማብራሪያ አያስፈልገኝም፤ እሱ ግን ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ሳይቀር አስረዳኝ።

«ጥሩ ነው፤ እኔ እነዳለሁ» አልኩ።

ሚስቴ ተናኘ ለልጅ ልጃችን ሳትጠይቃት ውሃ ትቀዳላት ጀመር። ተስፋጽዮን ፈገግ ብሎ «ኖ ኖ ጋሼ፣ አንተ ሪላክስ አድርግ፤ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ» አለኝ። አንተ ይለኛል። እዚህ ተወልዶ ስላደገ ነው፣ ክፋት የለውም ይሉኛል። ስንት የኮምፒውተር ቋንቋ የተማረ ሰው እርስዎ የምትለዋን አንዲት ቃል መማር አቃተው።

ሃያ ምናምን ዓመት ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት ሻትል የነዳሁ ሰው ነኝ። ጭጋጉን፣ ዝናቡን፣ ሰካራሙን ተሳፋሪ አውቀዋለሁ። እሱ የገዛት መኪና ራሷን ትነዳለች፤ እሱ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ልጄንና የልጅ ልጄን ተራራ የሚያሻግረው።

ሩቲ «እናያለን ዳዲ» አለች። እናያለን ማለት እምቢ ማለት ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

የሐይቁን ቦታ ሪዘርቭ ያደረገው ነሐሴ 3 ሆኖ ተገኘ። በፍልሰታ። አገር ቤት ሕፃን ሳይቀር የሚጾመውን ጾም እሱ ሐይቅ ዳር በርገር ሊጠብስበት ነበር። ደወልኩና ነገርኩት።

«ኦ ሶሪ ጋሼ፣ ካሌንደሬ ላይ የለም» አለኝ።

ካሌንደሩ ላይ የለም። ወደ ነሐሴ 17 አዛወረው፤ አንድ ሰው ካንስል አድርጎ ዕድል አገኘሁ አለ። ጾሙ በተፈታ ማግስት ነው። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ። ማታ ተናኘ «ሰው ሲሳሳት እንዲህ ደስ ይበልህ?» አለችኝ። ይበለኝ።

ስለ መንዳቱም አንሥቼለት ነበር። ኢንሹራንስ ምናምን አለ። ሰው እምቢ ማለት ሲፈራ ኢንሹራንስ ይላል።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንወጣ ጋሽ ክፍለ በሰው ፊት ወረደብኝ። ሰላም ስልህ ዘለኸኝ አለፍክ፣ ንቀት ነው፣ አለ። ይህ ሁለተኛ ጊዜው ነው አለ። አላየሁትም። ሰላም የሚል ሰው ድምፅ ያሰማል እንጂ አጠገብ መጥቶ እንደ ምሰሶ ይገተራል?

ተናኘ «ሐሳብ ይዞት ነው ጋሽ ክፍለ፣ ይቅር ይበሉት» ብላ ገባችበት። ምንም ሐሳብ አልያዘኝም ነበር። ማን ዋሺልኝ አላት?

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

የመኪናዬን የግራ ስፖኪዮ ሰብረውት አገኘሁ። ቆሞ ሳለ። ምን ዓይነት ሰፈር ነው።

የጋራዡ ምሰሶ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ። የእኔም መኪና ሰማያዊ ናት። ኦክላንድ ውስጥ ሰማያዊ መኪና ሞልቷል።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

የልጅ ልጄን ምሥጢርን ለአንድ ቀን ተዉልን። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ተናኘ ገበያ ስትሄድ ልጅቷን ይዤ አርቪውን ላየው ፍሪሞንት ወረድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። የራሴን ዓይን ካላሳረፍኩበት የሰው ወሬ አላምንም።

ምሥጢር መንገዱን ሙሉ ስታወራ ነው። ራዲዮ አያስፈልግም። «አባባ፣ ኢትስ ግሪን።» «አባባ፣ ባይክ።» «አባባ፣ ስቶፕ ሳይን፣ ስቶፕ፣ ስቶፕ።» ነቄ ልጅ ናት፤ በእኔ ወጥታለች። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች። ፍሩትቬል ሰፈር ጋ አንዲት ሴትዮ የሕፃን ጋሪ እየገፋች ከግራ በኩል ብቅ አለች። እዚህ ከተማ ሰው ከመሬት ይበቅላል። ፍሬን ያዝኩ። ሴትዮዋ ሰደበችኝ፤ ሰደብኳት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ዝም አለች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ብቻ ታያለች። አይስክሬም ገዛሁላት። ለእናትሽ እንዳትነግሪ አልኳት፤ አይስክሬሙን ማለቴ ነው።

አርቪው ትልቅ ነው። የሚያከራየው ሰውዬ ሹፌር እንደነበርኩ ስነግረው ከመሪው ኋላ እንድቀመጥ ፈቀደልኝ። ወንበሩ ከፍ ያለ ነው፤ መሪው ሰፊ። እጄ ወዲያው አወቀው። ደስ አለኝ፤ ለማንም የማልናገረው ደስታ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ «አድርሰኝ» ያለኝ ሰው የለም። ድሮ ሰው ሁሉ ዕቃውን አስቀድሞ ሰጥቶኝ ተከትሎኝ ይሳፈር ነበር። አሁን የገዛ ቤተሰቤ የት እንደምቀመጥ ይመክርብኛል።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ተናኘ ጎትታ ዓይን ክሊኒክ ወሰደችኝ። አገጬን አንድ መሣሪያ ላይ አስደግፈው፣ ብልጭ የሚል ነጥብ ባየህ ቁጥር ቁልፉን ተጫን አሉኝ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ነገርኳት። መርማሪዋ ልጅ «ዩ አር ዱዊንግ ግሬት» አለችኝ። እንዲህ የሚባለው ለሕፃን ነው።

ሐኪሟ ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ ነው አለች። ባለፈውም ብላው ነበር። ጠብታውን ጠዋትና ማታ ታደርጋለህ ወይ አለች፤ አደርጋለሁ አልኩ። ያቃጥላል። ፊደሉን ግን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቤላታለሁ፤ ስለዚህ ዓይኔ ደህና ነው፤ ቀሪው የማሽን ወሬ ነው። ስለ መንዳትም የሆነ ነገር ጀምራ ነበር። ጃኬቴን እየፈለግሁ ስለነበር በደንብ አልሰማሁም።

ተናኘ ሰምታለች። ስንመለስ እስከ ቤት የበሩን እጀታ ጨብጣ ነበር።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ሩቲ ብቻዋን መጣች። መታጠቢያ ቤት ሆኜ ከኩሽና ሰማኋቸው።

«አንቺ ንገሪው ማሚ።»

«እኔንማ መስማት ካቆመ ቆየ። አንቺ ልጁ ነሽ።»

«ሂ ዊል ሄት ሚ።»

«እኔን ይጥላ። እኔ ለምጄዋለሁ።»

ስወጣ ስለ ድንች ያወራሉ። ድንች ቤት ውስጥ የለም።

ነገሩ ግልጽ ነው። ባሏ ነው የላካት፤ ያ ሰው መሪውን ሊወስድ ቆርጧል፤ ፊት ለፊት መናገር ስለማይደፍር ሚስቱን ያስቀድማል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ማታ ደወልኩለትና ልክ ልኩን ነገርኩት። በሴት ቀሚስ ተከልሎ ነገር መሥራት የወንድ ሥራ አይደለም አልኩት። ሌላም ሌላም አልኩት።

«ጋሼ፣ አይ ሪስፔክት ዩ፣ ግን ምን እንዳደረግሁ አልገባኝም» አለ።

ዘጋሁበት። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥሩ ጥሩዎቹ ስድቦች የሚመጡልኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ክፍለ ነው፣ ያ ያኮረፈኝ። ከኋላው ሐጂ ጃብር፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ሱቅ ያለው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ አስመራ ተወልዶ አማርኛው ከእኔ የጠራ ነው። ሦስተኛው ስሙን የማላውቀው ጎልማሳ ነው፤ ሽማግሌ ሦስት መሆን ስላለበት ለማሟያ ያመጡት ይመስለኛል። ሦስቱም በዚህ ሙቀት ኮት ለብሰዋል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«አንቀመጥም» አለ ጋሽ ክፍለ። «የመጣንበትን ስትፈጽምልን ነው የምንቀመጠው።»

ወጉን አውቀዋለሁ። እኔም ስንት ሰው ቤት እንዲህ ቆሜያለሁ፤ ልጅ ለመጠየቅ፣ ባልና ሚስት ለማስታረቅ። ተስፋጽዮን በስድቡ ተከፍቶ ይቅርታ ሊያሰኘኝ ላካቸው ብዬ ገመትኩ። እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ። ሽማግሌ መላክ ካወቀ ያ ልጅ ተስፋ አለው።

«ይቅር ብዬዋለሁ፤ ተቀመጡ» አልኩ።

ተያዩ። «ማንን?» አለ ሐጂ ጃብር።

«አማቼን ነዋ።»

ሐጂ ጃብር ጉሮሮውን ጠረገ። «ቡልቻ ወንድሜ፣ የመጣነው ለእሱ አይደለም። ልጅ ልንጠይቅህም አይደለም። የምንለምንህ የመኪና ቁልፍ ነው። የሐይቁንም መኪና አትንዳ፤ የራስህንም ተው። ዓይንህ ደክሟል።»

ሳቅሁ። ሙሽራ ሲለመን አውቃለሁ፤ ርስት ሲለመን አውቃለሁ። መሪ ሲለመን ያየሁት ዛሬ ነው። ማንም አልሳቀልኝም።

«ተስፋጽዮን ነው የላካችሁ?»

«እሱ መምጣታችንንም አያውቅም።»

«ሩቲ ናት?»

ሐጂ ጃብር ወደ ኩሽናው አየ። ተናኘ ሻይ በትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ሚስቴ ናት። አንድ አልጋ ላይ የምንተኛ ሰዎች፣ ሽማግሌ ላከችብኝ። ሰው ሽማግሌ የሚልከው በባዳ ላይ ነው።

«በአፌ ነገርኩህ፤ ሐኪሟም ነገረችህ» አለች። «ከዚህ ሌላ ምን ላድርግ ቡልቻ?»

«ሻይሽን መልሺ» አልኳት። ለእነሱም «ቆማችሁ መጥታችኋል፤ እንደቆማችሁ ሂዱ» አልኳቸው። በሕይወቴ ለሽማግሌ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ያ ሦስተኛው ሰውዬ አንገቱን ደፋ።

ጋሽ ክፍለ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን አኩርፌህ ነበር፤ አሁን ስለገባኝ ትቼዋለሁ» አለኝ። ከስድብ ይብሳል። ሐጂ ጃብር ደረጃውን እየወረደ «ምከረው፣ ምከረው…» አለና ተወው። ቀሪውን የማያውቅ ሰው የለም።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

አልተነጋገርንም።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ከእሷ ጋር አልተነጋገርንም። ምሳዬን ሸፍና ታስቀምጣለች። እበላለሁ፤ ሳህኑን አጥባለሁ። እንዳታጥበውም ብዬ።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ሩቲ መጣች። አልተቀመጠችም እሷም፤ ዘንድሮ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ።

«ምሥጢር ሁሉንም ነግራኛለች» አለች። «ፍሪሞንት መሄዳችሁን፣ ሴትዮዋን፣ ጋሪውን። ዳዲ፣ ልጄ እኮ መብራቱን ስታነብልህ ነበር። ማታ ማታ ታለቅሳለች። አንተ የምትነዳው መኪና ውስጥ ከዚህ በኋላ አላስገባትም።»

በዘጠኝ ዓመቷ ጆሮ ጠቢ አድርገዋታል፤ ያልኩት ይህንን ነው። ሩቲ ቦርሳዋን አነሣች። «ከእኛ ጋር ና። ተሳፍረህ ና። የምጠይቅህ ይህን ብቻ ነው።»

«ተሳፍሬ ከምሄድ እቀራለሁ።»

«እሺ» አለች። እናያለን እንኳ አላለችኝም።

ልጅቷን ጆሮ ጠቢ ማለት አልነበረብኝም። የእነሱ ጥፋት ነው፤ አናደዱኝ። ግን ማለት አልነበረብኝም።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ተናኘ ዕቃ ትሸክፋለች። ብርድ ልብስ፣ ባትሪ፣ የወባ ትንኝ መከላከያ። ለሦስት ሌሊት ነው፤ የምትሰደድ ትመስላለች። ተስፋጽዮን ምግብ ውጭ እንዳናሳድር፣ አውሬ ይስባል ብሎ በስልክ ሲያስጠነቅቃት ሰማሁ። ኮምፒውተር ላይ አንብቦ ነው። አውሬ አይቶ አያውቅም።

እኔ አልሄድም። ቤቱን እጠብቃለሁ። ማንም ቅር ብሎህ ይሆን ብሎ አልጠየቀኝም።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ፣ ሆስፒታል

ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁ ነው። መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት አርቪውን ይዘው መጡ። መንገዳችን ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኝ መኪና ቆሞበታል፤ ጫፉም ዝግ ነው። ተስፋጽዮን በፊት ለፊት ገብቶ መውጣት አቃተው። ትንሽ ወደ ኋላ ይልና ይቆማል። መኪኖች ተደርድረው ጡሩምባ ይነፋሉ። በመስኮት ሳየው ቆየሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ኋላ አፈርኩለት። መቻል አቃተኝና በነጠላ ጫማዬ ወረድኩ። ከኋላ በኩል ቆሜ እጄን አሳየሁት። አየኝ። ፊቱ ሲፈታ በስፖኪዮው ውስጥ አየሁት።

ና አልኩት። ና፣ ና፣ ትንሽ ቀኝ፣ ና። እንደ ድሮው ነበር። ጡሩምባው ዝም አለ። ና አልኩት።

ከዚያ ድስት ሲወድቅ ሰማሁ። ድምፁ ከግራዬ ነው። ዞር ስል ተናኘ መሬት ላይ ናት። የዶሮ ወጡን ድስት ይዛ ከቆሙት መኪኖች መካከል ወጥታ በአርቪው ኋላ ልታልፍ ነበር። ባምፐሩ ዳሌዋን ገፍቷት በእጇ ወደቀች። ወጡ አስፋልቱ ላይ ነው። አልጮኸችም። ቀና ብላ ያየችው እኔን ነው።

የእጇ አንጓ ተሰብሯል ይላሉ። እስካሁን ከዚህ የባሰ የለም ይላሉ። ዳሌዋን ኤክስሬይ እያነሡት ነው።

ተስፋጽዮን ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ «ካሜራ ነበረው፤ ካሜራውን ትቼ አንተን አየሁ» አለኝ። ሊወቅሰኝ አይመስለኝም። ራሱን እየወቀሰ ነው። ይህን ስሰማ የምገባበት ጠፋኝ።

ሩቲ ደግሞ «ዳዲ፣ እጅህን ብትዘረጋ ትነካት ነበር» አለች። ጡሩምባ ሲነፉ የነበሩት ሰዎች አዩዋት። ምሥጢር ከመስኮት አየቻት። እኔ አላየኋትም። በግራዬ በኩል ምንም አልነበረም። በግራዬ በኩል ምንም ከሌለ ቆይቷል፤ አውቃለሁ። ጻፍኩት።

የመኪናዬን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ለሩቲ ሰጠኋት። እጇን አልዘረጋችም ነበር።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ፣ ሐይቁ ዳር

ትናንት መጣን። ጉዞው ይቅር ብዬ ነበር። ተናኘ ናት እምቢ ያለችው፤ ዳሌዋ አልተሰበረም፤ እጇ በጀሶ ተጠቅልሎ «ዶሮው አስፋልት ላይ ቀረ፤ ሐይቁም ይቅር?» አለች። ከአንዱ ሌሊት በቀር ቦታው የእኛ ነው።

ተስፋጽዮን ተራራውን በኤሊ እርምጃ ነዳው፤ ከኋላችን የመኪና ሰልፍ ነበር። ውስጥ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ አንድ ጊዜ ብቻ ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ቀንስ አልኩት። ቀነሰ። ምሥጢርን ይቅርታ ጠየቅኋት። «ኢትስ ኦኬ» አለች፤ እንዳልሆነ ድምጿ ይናገራል። ጊዜ ይፈልጋል።

አመሻሽ ላይ እነሱ ውሃው ዳር ወረዱ፤ እኔና ተናኘ የእንጨቱ ወንበር ላይ ቀረን። እራቷን በግራ እጇ ለመብላት ስትታገል አይቼ አጎረስኳት። ዋጠች። ከሽማግሌዎቹ ቀን ወዲህ በደንብ የተነጋገርነው ያኔ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ካቻምና፣ ፋሲካ ዕለት። በግራህ ተቀምጬ ላጎርስህ እጄን ስዘረጋ እንደ ጥፊ ሸሸኸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንተም ሳቅህ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ወዲህ በቀኝህ ነኝ» አለች።

አሰብኩት። ማዕድ ላይ በቀኜ ናት። ሶፋው ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ባስ ስንጠብቅ። አልጋ ላይ ቦታ የቀየርነው ወገቤን አመመኝ ብላኝ ነው። ወገቧን አሟት አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከማየው በኩል ስትኖርልኝ፣ እኔ እጠብቃቸዋለሁ እያልኩ ነበር። ቅዳሜ ዕለት በግራዬ ያለፈችው እጇ በድስት ስለተያዘና ስለተኳረፍን ነው።

ወንበሩ ነቃነቀ። በግራዬ በኩል ሰው ተቀምጧል፤ መምጣቱን አላየሁም።

«ማነው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ ተስፋጽዮን። «ልነሣ?»

«አትነሣ» አልኩት። «እዚያው ሁን።»